የተቆረጡት አራት ገጾች

አንድርያስ ደግፌ ኮሎምበስ ከገባ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ሥራ ቀያይሯል፤ ስድስት አፓርትመንት ለቋል። የተባረረበት ሥራ አንድም የለም። ዌርሃውስ ሲሠራ ሱፐርቫይዘር ሊያደርጉት ሲሉ ለቀቀ፤ የኤርፖርት ሻትል ሲነዳ ደግሞ ሁሉም ሰው በስሙ መጥራት ሲጀምር። ምክንያቱን ሲጠይቁት ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ወሬ ይቀይራል። ቤተ ክርስቲያንም የሚቆመው ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው። ወንበር ሲያቀርቡለት “እግሬን ስለሚያመኝ መቆም ይሻለኛል” ይላል፤ እግሩ ግን ምንም አልሆነም። የዕረፍት ቀኑን ከተማውን በሚዞረው በ270 መንገድ ላይ ሲነዳ ይውልና ከተነሣበት ቦታ ተመልሶ ይገባል።

ሚስቱ ሰናይት መጀመሪያ ላይ ትጣላው ነበር። ኋላ ላይ ግን “ይሄ ሰው ቂጡ አይረጋም፤ እግዜር ሲፈጥረው መቀመጫ ረስቶለታል” እያለች መሣቅ ለመደች።

ሥራ ይቀያይር እንጂ አንድ ነገር ቀይሮ አያውቅም። የሕንድ ሰው ካገኘ ሳይጠይቅ አያልፍም። ታክሲ ሲነዳ ከኋላ የተቀመጡትን ኢንጂነሮች፣ ክሊኒክ ሲሄድ ደም ግፊቱን የምትለካውን ዶክተር፣ ማንንም።

“ሐቫልዳር ታምባ የሚባል ኮሚክ ታውቃለህ? የድሮ ነው። ከመዳብ የተሠራ፣ ሌባ የሚይዝ ሮቦት።”

አብዛኞቹ ይሥቃሉ። አንዳንዶቹ ስልካቸውን አውጥተው ይፈልጉና ምንም ሲያጡ ይቅርታ ይጠይቁታል።

ኮሚኩ ከልጅነቱ የመጣ ነው። ጅማ፣ በ1978 ዓ.ም.፣ እሱ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ታላቅ እህቱ ሸዋረጋ ደግሞ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ ፊዚክስ የሚያስተምራት ሚስተር ኩሪያን የሚባል ሕንዳዊ ኮንትራቱ አለቀና ወደ አገሩ ሲመለስ ልጁ ያነበባቸውን አምስት የሥዕል መጽሔቶች ሰጣት። እንግሊዝኛውን እሷ ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብለታለች፤ እሱ ሥዕሉን ያያል። ታምባ የሐቫልዳርነት ማዕረግ ያለው ፖሊስ ነው፤ በእኛ አገር ቢሆን አሥር አለቃ ይባል ነበር። ደረቱ ላይ 41 ቁጥር አለ። ክረምት በገባ ቁጥር ዝናቡ ትከሻውን አረንጓዴ ያደርገውና ያፍራል። ኪስ አውላቂ፣ ሚዛን ቀሻቢ፣ ባንክ ዘራፊ፣ ሁሉንም ይይዛል፤ የያዘውን ግን መትቶ አያውቅም።

አምስተኛው መጽሔት ላይ ከተማውን ጎርፍ ያጥለቀልቀዋል። የተራቡ ሰዎች የመንግሥትን መጋዘን ከፍተው ሩዝ ይወስዳሉ። ይታሰራሉ፤ እንዲጠብቃቸው የሚታዘዘው ታምባ ነው። እሱ ግን ቁልፉን ሰብሮ ይለቃቸዋል፤ ለፍርድም ይቀርባል። ዳኛው አፉን ሲከፍት ገጹ ያልቃል። የቀሩት አራት ገጾች የሉም።

“አይጥ በልቶታል” አለችው ሸዋረጋ ያኔ።

“እና ምን ሆነ?”

“አመለጠ። በባሕሩ ሥር በእግሩ እየሄደ አመለጠ። አሁንም እየሄደ ነው፤ አልቆመም።”

“መቼ ነው የሚደርሰው?”

“ገና ነው።”

በዚያው ሰሞን አባታቸው ሃምሳ አለቃ ደግፌ ከሥራ ሳይመለስ ቀረ። ፖሊስ ነበር። እናታቸው ለአንድርያስ “ወደ ሰሜን ተዛወረ” አለችው። ዓመት ሲሞላ “ጦርነቱ ላይ ጠፋ ይላሉ” አለች። ከዚያ በኋላ ምንም አላለችም፤ እሱ አሥረኛ ክፍል እያለ እሷም ሞተች። አባትየው ጠፋ እንጂ ሞተ ስላልተባለ ለቅሶ የተቀመጠለት ሰው የለም።

ዘንድሮ አንድርያስ ዕቃ የሚያደርስ ቫን ይነዳል። አንድ ረቡዕ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ወዳለች የቅመማ ቅመም ሱቅ ሦስት ካርቶን ይዞ ገባ። ባለቤቷ ሱሽማ የምትባል መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች ሕንዳዊት ናት። ስታስፈርመው እንደ ልማዱ ጠየቃት።

ሱሽማ አልሣቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና “ይህን ስም ከባለቤቴ ሌላ ሰው ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም” አለች። ባለቤቷ ባለፈው ዓመት ሞቷል። ከልጅነቱ ጀምሮ ያጠራቀመው ኮሚክ ቤቷ ምድር ቤት ውስጥ በካርቶን ተቆልሏል፤ ልጆቿ አይፈልጉትም። “ነገ ና፣ ፈልጌ አመጣልሃለሁ” አለችው።

ሐሙስ ሱቁ የሚከፈተው በአራት ሰዓት ነው፤ እሱ በሁለት ተኩል ደረሰ። ከፀጉር ቤቱ እስከ ጎማ ቤቱ ሲመላለስ የጎማ ቤቱ ሰውዬ “ፖሊስ ልጥራ?” ብሎ ጮኸበት። ሱሽማ መጥታ ገና መኪናዋን ሳታጠፋ መጽሔቱን በመስኮት አቀበለችው።

ልክ ያው ነው። ሽፋኑ ላይ ታምባ ጎርፍ ውስጥ እስከ ወገቡ ቆሟል። አንድርያስ ከቫኑ አጠገብ ቆሞ ወደ መጨረሻው ገለጠ።

ዳኛው “ይቅለጥ” ይላል። በሁለተኛው ገጽ ታምባን በሰንሰለት ወደ ብረት ማቅለጫው ይወስዱታል። በሦስተኛው የለቀቃቸው ሰዎች በሩቅ ቆመው ያያሉ፤ የሚጠጋ የለም። በአራተኛው ከእሱ የቀረው የደረቱ ቁጥር ብቻ ነው። ከሥሩ “ተፈጸመ” ይላል። ባሕር የሚባል ነገር የለም።

አንድርያስ ገጾቹን ደጋግሞ አገላበጠ። በድንገት የልጅነቱ መጽሔት ጠርዝ በዓይኑ መጣ፤ ያ ቁርጥ ቀጥ ያለ ነበር። አይጥ በማስመሪያ አይቆርጥም።

ቫኑ ውስጥ ያልተራገፈ ዕቃ ሞልቷል። እሱ ግን መሪውን ወደ ዋይትሆል አዞረ።

ከእሱ በኋላ አሜሪካ የመጣችው ሸዋረጋ እዚያ፣ የከተማው ዳር፣ አፓርትመንት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ትንከባከባለች፤ ያን ቀን ከአዳር ሥራ ገብታ ዩኒፎርሟን ገና አላወለቀችም። በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ሳይሆን በእጁ የያዘውን ነው። ወደ ኋላ አፈግፍጋ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“እትዬ፣ ይሄን ማን ቆረጠው?”

“ከየት አገኘኸው?”

“ማን ቆረጠው አልኩሽ እኮ!”

“እኔ ነኝ” አለች። “በምላጭ። ተቀመጥ፣ እነግርሃለሁ።”

“አልቀመጥም።”

“እንግዲያው ቆመህ ስማ። ያኔ ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ነበር። የአፈሷቸውን ልጆች ቡና መጋዘን ውስጥ ዘጉባቸው። ጠባቂው አባባ ነበር። ልጆች ናቸው፣ አንድሪ! የእኔ የክፍል ጓደኞች አሉበት። ከደጅ እናቶቻቸው ይጮሃሉ። አባባ የኋላውን በር ከፈተላቸው። ሠላሳ አንድ ልጅ ወጣ። አባባን በዚያው ቀን ያዙት፤ በሦስተኛው ሳምንት ረሸኑት።”

አንድርያስ ከመስኮቱ ወደ በሩ ሄደ፤ ከበሩ ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

“እማዬን ጠርተው ጥቁር እንዳትለብሺ፣ ድምፅሽ እንዳይሰማ አሏት። ለእኔ ነገረችኝ። ‘ለልጁ ከነገርሽው ትምህርት ቤት ያወራና ሁላችንንም ይፈጁናል’ አለች። እኔ ያቺን መጽሔት የጨረስኳት በማግስቱ ነው። አንተ ‘ቀጥሎስ? ቀጥሎስ?’ እያልክ ቀሚሴን ትጎትታለህ። እስቲ ምን ልበልህ? በሩን ከፈተላቸውና ገደሉት ብዬ ላንብብልህ?”

“እሺ ያኔ ሕፃን ነበርኩ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላስ? አሁን አርባ ሰባት ዓመቴ ነው! አባቴ እኮ አንድ ቀን ከዘመድ ጠይቆ ይደውላል ብዬ ነው ስልክ ቁጥሬን ቀይሬ የማላውቀው!”

ሸዋረጋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። “እማዬ ስትሞት ልነግርህ ነበር፤ በሁለተኛው ሐዘን ትምህርትህን ትተዋለህ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ዲቪ ደረሰህ፤ መንገደኛ በመርዶ አይሸኝም አልኩ። ከዚያ ሲና ተወለደች። ሁልጊዜ ነገ፣ ሁልጊዜ ነገ። ባቆየሁት ቁጥር እየከበደኝ ሄደ።”

በሩን በርግዶ ወጣ። የአፓርትመንቱን ፓርኪንግ ሦስት ጊዜ ዞረ። ዕቃው የዘገየባቸው አለቆቹ ኮል ያደርጉለታል፤ አላነሣም። በአራተኛው ዙር ሸዋረጋ በነጠላ ጫማ ወጥታ ደረጃው ላይ ቆማ አየችው፤ ልትጠራው አልደፈረችም። እሱ ራሱ ተመልሶ መጣ።

“የት ነው የቀበሩት?”

“አልሰጡንም።”

“እንግዲያው ለቅሶ እንቀመጣለን።”

“አሁን? ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በኋላ?”

“እኔ ዛሬ ነው የሰማሁት” አለ።

ሥራ ቦታ ኬሊ የምትባለው አለቃው የሐዘን ፈቃድ ፎርም ስትሞላለት አባቱ የሞተበትን ቀን ጠየቀችው። ሲነግራት እጇ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። “ይሄ ሲስተም ይህን ቀን አይቀበልም” አለች። ቀና ብላ ፊቱን ካየችው በኋላ ግን የራሷን ዕረፍት የምትጠይቅ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ሦስት ቀን ሂድ፤ እኔ እሸፍንልሃለሁ” አለችው።

ለቅሶው ሸዋረጋ ቤት ሆነ። ፓስተር ፊልሞን ከቤተ ክርስቲያን ሠላሳ ወንበር በፒክአፕ አስጭኖ ላከ። ሰው ግራ ገባው። እየደወሉ “ማን ሞተባችሁ?” ይላሉ። “አባታችን።” “ውይ! ታመው ነበር?” “አይ፤ በ1978 ነው።” ቢሆንም መጡ። ዳቦ ይዘው፣ ወጥ ይዘው፣ ውሃ በካርቶን ተሸክመው መጡ።

አንድርያስን መቀመጡ ገደለው። ሰው በገባ ቁጥር ወንበር ላምጣ፣ ውሃ ላቅርብ፣ መኪና ላስተካክል እያለ ይነሣል። በሁለተኛው ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሼ ከተማ ክንዱን ያዙት።

“ልጄ፣ ሐዘንተኛ አይላላክም። ተቀመጥ።”

“ጋሼ፣ አልችልም።”

“እንድትችል እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ።”

አጠገቡ ተቀመጡ፤ እጁን አልለቀቁትም። እግሩ መሬቱን ይመታል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ እናናዬ የምትባል ሴት የወንድሟን ነገር አነሣች። እሱም ታፍሶ እንደወጣ ቀርቷል፤ ለእሱም የተለቀሰለት የለም። “ለእሱም እዚሁ ልልቀስ?” ብላ ስትጠይቅ አንድርያስ አለቀሰ። እንባው የመጣው በእሷ ነው፤ ሲወጣ ግን የራሱ ሆነ። ሸዋረጋ ከማዶ ታየው ነበር፤ ተነሥታ መጥታ እግሩ ሥር ቁጭ አለች። ይቅርታ አድርጎላት እንደሆነ አልተናገረም። እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ረጋ ብል ዋሸሁ። አሁንም ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው ብላ ሰናይት ታሾፍበታለች፤ ጴንጤ አያስቀድስም ብሎ ይመልስላታል። ግን ሌላ ነገር ያዘው፦ ከሠላሳ አንዱ ልጆች አንዱን ማግኘት። ሸዋረጋ በስም የምታስታውሰው ጀማነህ የሚባል የክፍሏን ልጅ ብቻ ነው። አንድርያስ ጅማ ላለ ዘመድ ሁሉ ደወለ፤ ለማያውቀውም ደወለ። በመጨረሻ ያገኘችው የአሥራ ሦስት ዓመቷ ሲና ናት፤ ፌስቡክ ላይ ከቦንጋ አስተማሪዎች ፎቶ መሐል። “ዳድ፣ አይ ቲንክ ዲስ ኢዝ ሂም” ብላ ስልኩን ሰጠችው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚያ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ደወሉለት። ሸዋረጋም መጥታ ነበር። ጀማነህ የጎረነነ ድምፅ አለው፤ መጀመሪያ ደላላ መስለውት አመናጨቃቸው። “የሃምሳ አለቃ ደግፌ ልጅ ነኝ” አለው አንድርያስ። ሲና መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን አየችው።

“ትንሹ ነህ?” አለ ጀማነህ።

“አዎ፣ ትንሹ ነኝ።”

“አባትህ በሩን ሲከፍት ሁላችንም ተጋፋን። አንድ በአንድ ትከሻችንን እየያዘ ነው ያስወጣን። ‘በወንዙ በኩል ውረዱ። እንዳትሮጡ፣ የሚሮጥ ሰው ይታያል። ወደ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብላችሁ ሂዱ’ አለን። እኔ መጨረሻ ነበርኩ። ‘እርስዎስ?’ አልኩት። ቆቡን አስተካክሎ ‘እኔ ተረኛ ነኝ’ አለኝ።”

አንድርያስ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ተደፋ።

“ጋሼ ጀማነህ” አለ፤ “ካላስቸገርኩዎት እንደገና ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።”

ጀማነህ ጉሮሮውን ጠረገና ከመጀመሪያው ጀመረ።