ሰይፉ ደበሌ በአይስላንድ ጭጋግ ውስጥ

ሰይፉ ደበሌ ቡታጅራ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን የሚያሠራ ሰው ነበር። ዕድሜውን ከማሽን ጋር ሲጯጯህ ስለኖረ ቤትም ገብቶ ይጮሃል። ሚስቱ ሃኒ «ኧረ እዚሁ ነን፣ እንሰማሃለን» ትለዋለች።

በ1999 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከመሬት ሥር ያለ እንፋሎት እንዴት ተቆፍሮ እንደሚወጣ እንዲማር አይስላንድ ወደምትባል ደሴት አገር መሥሪያ ቤቱ ለስድስት ወር ላከው። እናቱን ወይዘሮ ወለተ ሐናን ሊሰናበት መስቃን ገጠር ወረደ። እሳቸው ስለ ብርዱም ስለ ርቀቱም አልጠየቁትም።

«ለመስቀል ትመጣለህ?»

«አልደርስም፣ እማ። ትምህርቱ የሚያልቀው ከዚያ በኋላ ነው።»

ጉራጌ አገር ለመስቀል የማይገባ ሰው የለም። የመርካቶው ነጋዴ እንኳ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ሰይፉም ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

«የእርዱ ቀን እደውላለሁ፤ ሳይመሽ» አላቸው።

«ካልደወልክ አንድ ነገር ሆኗል ብዬ ነው የምቀመጠው» አሉ። የምራቸውን ነበር።

አይስላንድ ሰይፉን አስደነቀችው። በበጋው ፀሐይ አልጠልቅ ብላ መስኮቱን በብርድ ልብስ እየጋረደ ተኛ። ከገደል የሚወረወር ፏፏቴ አየ፤ በረዶ እየታየው በሜዳ ላይ በሚፈልቅ ፍል ውሃ ገላውን ታጠበ። ጣሪያቸው ላይ ሣር የበቀለባቸው የድሮ ቤቶች ሲያሳዩት ግን አልገረመውም። «የኛው ጎጆ ነው፣ እናንተ ሣሩን ሳታጭዱ ከደናችሁት» አላቸው።

መስከረም አጋማሽ ላይ አስተማሪው ኤይናር ወደ ወላጆቹ እርሻ ጋበዘው። በዚያ አገር በጎች በጋውን ተራራ ላይ ያለ እረኛ ይሰነብታሉ፤ ብርዱ ሲመጣ ከተማ የገባው ዘመድ ሁሉ ተመልሶ በፈረስ እየወጣ ያወርዳቸዋል። አብዛኞቹ ወርደው ጥቂት በጎች ቀርተው ነበር። ቀኑ በጉራጌ አገር የመስቀል እርድ የሚታረድበት ነው።

«ፈረስ ትችላለህ?» አለው ኤይናር።

«አባቴ ጋሪ ነጂ ነበር» አለ ሰይፉ። ጋሪ ላይ እንጂ ፈረስ ላይ ወጥቶ እንደማያውቅ ግን አልተናገረም።

ቡናማ፣ አጭር፣ ጋማዋ ዓይኗን የሸፈነ ባዝራ ሰጡት። እስከ ረፋዱ ድረስ መልካም ነበር። ከዚያ ሦስት በጎች ወደ ግራ ሲያመልጡ ተከትሏቸው ሄደ። ዞር ሲል ተራራው የለም፤ ጭጋግ ውጦታል። ተጣራ። የገዛ ድምፁ እንኳ ቅርቡ ላይ ወድቆ ቀረ።

«እርሻው በዚህ ነው» ብሎ ወደ ቁልቁለቱ ሳባት። ባዝራዋ ቆመች። በተረከዙ ጎሰማት፤ አንገቷን ነቀነቀች እንጂ እግሯን አላነሳችም። ተናዶ ወረደና ሊጎትታት ሁለት እርምጃ ቀደም አለ። ከእግሩ ሥር የውሃ ድምፅ ሰማ። ጎንበስ ሲል መሬቱ ተሰንጥቆ ከታች ጥቁር ገደል አየ።

ወደ ኋላ አፈገፈገ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ ያሰበው ገደሉን አልነበረም። እናቱን አሰበ፤ ለመስቀል እሳቸው ዘንድ የወረደችውን የሃኒን ሞባይል ይዘው ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ቆመው ሲጠብቁ ታዩት።

ተነሥቶ ኮርቻው ላይ ወጣ። ልጓሙን ለቀቀው፤ «በይ እንግዲህ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አላት በአማርኛ። ባዝራዋ ዞረች፤ እሱ ካሰበው በተቃራኒ ሄደች። ውሃ ተሻገረች፤ ዳገት ወጣች፤ እሱ ጋማዋን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ጸሎቱን ይደግማል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ፊሽካ ሰማ። ቀጥሎ ገመድና ፋኖስ የያዙ የጎረቤት ሰዎች ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አሉ። እሱን ፍለጋ ሊወጡ ነበር፤ ባዝራዋ እርሻው ደጃፍ አድርሳዋለች። ኤይናር ከፈረስ አውርዶት ለረጅም ጊዜ አቅፎት ቆየ። የኤይናር እናት ደግሞ በማይገባው ቋንቋ ተቆጡት፤ ቁጣው ግን ገባው። ወዲያው ትኩስ የበግ ሾርባ አቀረቡለት።

«መጀመሪያ ስልክ» አለ ሰይፉ።

መስቃን ገና አልጨለመም። ስልኩ አንዴ እንደጠራ ተነሣ።

«ሰይፉ?» የእናቱ ድምፅ ነበር።

«እማ፣ እንኳን አደረሰሽ!» ብሎ ጮኸ፤ የቤቱ ሰዎች ሁሉ ዞር አሉ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«በላህ?»

«በግ ቀርቦልኛል።»

«ተመስገን» አሉ፤ ትንፋሻቸው ሲወጣ ተሰማው። «ድርሻህን አስቀምጠናል። በል ብላ፣ እንዳይቀዘቅዝብህ።» ሰይፉ ስልኩን ከዘጋ በኋላ እየሳቀ እንባውን ጠረገ። ሾርባውንም ሦስት ጊዜ አስጨመረ።

ስለ ጭጋጉ በስልክ ምንም አልተናገረም። ኅዳር ላይ ተመልሶ እናቱ ፊት ሲቀመጥ ነው ሁሉንም የነገራቸው፤ ገደሉን፣ ውሃውን፣ አልንቀሳቀስ ያለችውን ባዝራ። ሃኒ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሰማች። ሲጨርስ ወይዘሮ ወለተ ሐና ወደ እሱ ጠጋ አሉ።

«ለፈረሲቱ ምን ሰጠሃት?» አሉት።

«ዳቦ።»

«ዳቦ ብቻ?»

«ሌላ ምን ነበረኝ፣ እማ?»

እናቱ «ልጄን መልሳልኝ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና እጁን ይዘው ደባበሱት።