በባዶ ሆዴ የቃምኩ ለት

የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። ከቆቦ እስከ ዋጃ ባለው ሜዳ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ሁሉ ሞተሩ ሲያስል የሚደውለው ለእኔ ነው። ያን ሰሞን ሥራ በዝቶብኝ ሁለት ቀን በቅጡ አልተኛሁም። በሦስተኛው ቀን ከሮቢት ስመለስ ምሳ እንኳ ሳልቀምስ፣ ጫቴን አንጠልጥዬ በቀጥታ ልብስ ሰፊው ጓደኛዬ ቤት ገባሁ። መንገድ ላይ ሦስት ቆርቆሮ ኢነርጂ መጠጥ ገዝቻለሁ። ጫቱ እንቅልፌን ካላባረረው ቆርቆሮው ይጨርሰዋል ብዬ ነው።

ልብስ ሰፊው ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ነው የምንባልገው።

ጫቱን እየቃምኩ ሦስቱንም ቆርቆሮ ጨለጥኳቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ምርቃናው ያዘኝ። ምርቃና ማለት ሰው ከፍራሹ ሳይነሳ አገር የሚያለማበት ሰዓት ነው። እስከ አፋር በረሃ ቦይ ቆፍሬ ጨርሼ፣ ግመል ጠባቂዎቹን ሎሚ እያስተከልኩ ሳለሁ ልቤ ደረቴን ትደልቅ ጀመር።

"ልቤ ልትወጣ ነው" አልኩት።

"አብሽር፣ ምርቃና ነው።"

"እጄም ደነዘዘ።"

መዳፉን ደረቴ ላይ አደረገና እሳት እንደነካው ሰው መልሶ ነጠቀው። ፊቱ አመድ መሰለ።

"አፉ በለኝ!" አለ። "ከሱሪህ ጨርቅ ቀንሼ ለልጄ ኮፍያ ሰፍቼበታለሁ። በል፣ ላ ኢላሀ ኢለላህ በል!"

"እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ!"

"ታዲያ የራስህን በላ! ዝም ብለህ እንዳትሞት!"

ደግፎ ባጃጅ ላይ ጫነኝ። የባጃጁ ሾፌር ራሱ ጉንጩን ወጥሯል። በመስታወቱ አየኝና "ጨብሲ ነው የሚያስፈልገው፤ ሁለት ቢራ ምርቃናውን ያወርድለታል" አለ። ጓደኛዬ ትንሽ አመነታ። መናገር ብችል ኖሮ እኔም እስማማ ነበር። ደግነቱ ጤና ጣቢያው ከመጠጥ ቤቱ ይቀርባል።

የተቀበለችን ነርስ በዕድሜ ጠና ያለች ናት። የእጄን ትርታ እየቆጠረች "ምን ወሰድክ?" አለችኝ።

"ምንም፣ ሲስተር። ሙቀቱ ነው።"

"ሙቀቱ ጥርስህ ላይ ቅጠል አብቅሏል" አለች። "እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ከዋሸኸኝ የማክመው ሌላ ሰው ነው።"

ጫቱንም፣ ሦስቱን ቆርቆሮም፣ ያልበላሁትን ምሳም፣ ያልተኛሁትን እንቅልፍም ተናዘዝኩ። ሐኪሙን ጠራችው። መረመሩኝ፣ ደም ግፊቴን ለኩ፣ ጉሉኮስ ሰቀሉልኝ፤ ልቤ ረገብ እስክትል ድረስም አልለቀቁኝም።

ልወጣ ስል ነርሷ አስቀመጠችኝ።

"ተው ብልህ ትተዋለህ?"

"አልተውም" አልኳት። መዋሸቱ ሰልችቶኝ ነበር።

"አውቃለሁ። እንግዲያው ቢያንስ በልተህ ቃም፣ ውሃም ጠጣ። ቆርቆሮውን ከጫት ጋር አታገናኝ፤ ሁለቱም ልብህን ነው የሚጋልቧት። ቢራውም አያሳርፋትም፣ ድካሟን ይደብቅብሃል እንጂ። መድኃኒት ስለሚረጩበት ቅጠሉን እጠበው። መርቅነህ አትንዳ። ደረትህን ከጨመቀህ ደግሞ ሳታፍር ሮጠህ ና።"

"እኔስ?" አለ ጓደኛዬ።

"አንተማ ና፣ ያንተንም ግፊት ልለካው።" ለካችው። የእሱ ከእኔ ብሶ ተገኘ!

ሚስቴ ስትሰማ አልጮኸችም። በሳምንቱ ለመቃም ስነሳ ግን ትሪ ሙሉ እንጀራ በወጥ አቅርባ በሩ ላይ ቆመች። "መጀመሪያ ብላ፣ ከዚያ ሄደህ ሙት" አለች። በላሁ።

ልብስ ሰፊው ቤት አንድ ሳፋ ተገዛ። ጫቱን ስናጥብ አብረውን የሚቅሙት "ሰላጣ ልትሠሩ ነው?" ብለው ሳቁብን። የእጥበቱን ውሃ መልክ ሲያዩ ግን ሳቁ ጠፋ፤ አንዱ እጅጌውን ሰብስቦ የራሱን እስር ነከረ። ባጃጅ ነጂው ብቻ የነርሷን ምክር ብንነግረውም አልሰማ ብሎ፣ አንድ ቀን መርቅኖ ሳይተኛ ሲነዳ ቦይ ውስጥ ገባና የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ብቻውን ስለነበር ሌላ ሰው አልተጎዳም።

እኔ በየቀኑ የነበረውን ወደ ቅዳሜ ብቻ አወረድኩት። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከባድ ነበሩ፤ ሱሰኛን የሚያስጨንቀው ዱካክ የሚሉት ቅዠት መጥቶ ፓምፕ በእግሩ ሲያሳድደኝ ያድር ነበር። እሱም አለፈ። ጨርሶ ተውኩ ብል ግን ነርሷ ትታዘበኛለች።

ልብስ ሰፊው በግፊቱ ምክንያት ጨርሶ አቁሟል። አሁንም ከመሃላችን አይጠፋም፤ ኦቾሎኒ እየቆረጠመ፣ ከመረቀነው ሁሉ በላይ ያወራል።