አራት ጣት ክፍተት

ሥራ የጀመርኩ ቀን አያ ደስታ መሰላል አስወጡኝ። እሳቸው በደባርቅ የታወቁ ዋና አናጺ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ መዶሻ በቅጡ መያዝ የማልችል የቀን ሠራተኛ። ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት በኩል እጄን እንድሰድ አዘዙኝና ከታች ሆነው «ስንት ጣት ገባ?» አሉኝ።

«ሦስት» አልኳቸው።

«ንቀለው። አራት ጣት ይግባ። ቤት መተንፈስ አለበት።»

ነቀልኩት፣ በመጋዝ አሳጠርኩት፣ መልሼ መታሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራሁት ኮርኒስ ሁሉ ዙሪያውን ከግድግዳው አራት ጣት ይርቃል። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። አያ ደስታ የሚጠየቁ ሰው አልነበሩም።

ከቀን ሠራተኛነት ወደ ረዳትነት፣ ከረዳትነት ወደ ባለሙያነት ለመውጣት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። መላጊያ መሳል፣ መሮ መያዝ፣ ማጠፊያ ማስገባት፣ ሳይደርቅ የተሠራ የባሕር ዛፍ በር በበጋ እንደሚጣመም ማወቅ፣ ይህን ሁሉ ጣቶቼን እያቆሰልኩ ተማርኩት። አያ ደስታ ሲያርፉ ዋናው እኔ ሆንኩ። ከደባርቅ እስከ ዳባት በመንገዱ ዳር ካሉት በሮች ብዙዎቹ የእኔ ናቸው። አንዳንዱን ሲዘጋ በድምፁ አውቀዋለሁ።

ደባርቅ ብርዷ ከባድ ነው። ኅዳር ሲገባ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል፤ ከሊማሊሞ ገደል የሚወጣው ነፋስ ደግሞ ጋቢ ደርበው ቢቀመጡም አይመለስም። ቤት የሠራሁላቸው ሰዎች «ጋሽ ሞላ፣ ቤቱ እኮ በረደን» ሲሉኝ «አገሩ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» እላቸው ነበር። እውነትም አገሩ ይመስለኝ ነበር። የራሴም ቤት ያው ነው። ሚስቴ ይታይሽ ቁርጥማት አለባት፤ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ቆላ ወርዳ አዲ አርቃይ እኅቷ ዘንድ እስከ የካቲት ትቀመጣለች። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ሽሮ እያሳረርኩ ብቻዬን እከርማለሁ።

አንጓች የመጣችው በዚህ መሐል ነው። የዳባት ሰው ናት፣ ሥራዋ ጭቃ መምረግ። በእኛ ሥራ ደረጃ አለ፤ አናጺው ከላይ ነው፣ ግንበኛው ይከተላል፣ ጭቃ መራጊ ከሁሉም በታች ነው። እኔ ጨርሼ ስወጣ እሷ ባልዲዋን ይዛ ትገባለች። መጀመሪያ ያየኋት ጊዜ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ዓመት ሳይሞላ ግን ስሟን ከየቤቱ መስማት ጀመርኩ። «አንጓች የመረገችው ቤት ይሞቃል» ይላሉ። «ማገዶ ቀነሰልን፣ ከሰል መግዛትም ቀረልን» ይላሉ። እኔ የሠራሁትን ቤት እኮ ነው! ምሰሶው የእኔ፣ ኮርኒሱ የእኔ፣ በሩ የእኔ፤ ምስጋናው የእሷ።

ቀናሁ። ሌላ ስም አልፈልግለትም። ስሟ ከተነሳ ምሳዬ አይወርድልኝም ነበር። ሰው ፊት «ጎበዝ ናት» እላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ደግሞ ይታይሽን «ጭቃ መለጠፍ ማን ያቅተዋል?» እላታለሁ። «ታዲያ የእኛን ለምን አታስመርጋትም?» ስትለኝ ወሬ እቀይራለሁ።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ዓመት የመሪጌታ ኅሩይን ቤት ሠራሁ፤ አንጓች መረገችው። መሪጌታ የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ መምህር ናቸው፣ እኔም ልጅ ሆኜ ፊደል የቆጠርኩት እሳቸው ዘንድ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሄጄ ጠየቅኋቸው። ያለ ጋቢ ተቀምጠው መጽሐፍ ይመለከታሉ።

«ሞላ፣ ዘንድሮ የእንጨት ክምሬ ምንም አልጎደለ። እመት አንጓች እጇ ይባረክ» አሉኝ።

«በሩንም እኮ እኔ ነኝ የሠራሁት፣ የኔታ።»

«በሩማ በር ነው» አሉና ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ።

ይህች ቃል ሆዴ ውስጥ ቀረች። የሚወቀስ ነገር ፍለጋ ቀና ብዬ ኮርኒሱን አየሁ፣ አገኘሁም። ዙሪያውን የተውኩት አራት ጣት ክፍተት የለም። አንጓች በጭድ በታሸ ጭቃ ደፍናው፣ ላዩን እንደ ግድግዳው አለስልሳ አልፋለች። ከአያ ደስታ የወረስኩትን ሥራ ጭቃ መራጊ አረመችው! ተናደድኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ። ጥፋት ያዝኩባት ብዬ ነው ደስ ያለኝ።

«የኔታ፣ ይህ ቤት እኮ ሊታፈን ነው» አልኳቸው።

«እኔ አልታፈንኩም፣ ልጄ» አሉኝ።

በሳምንቱ መሪጌታ ለማኅሌት እንደሄዱ ጠብቄ ተመለስኩ። ለባለቤታቸው «ማጠፊያውን ላጥብቅ» አልኳቸው፤ እሳቸውም አምነውኝ ወደ ማድቤታቸው ገቡ። በመሮ በጓሮ በኩል ያለውን ድፍን ከጥግ እስከ ጥግ ፈለፈልኩት። የወደቀውን ጭቃ ጠራርጌ በከረጢት ይዤ ወጣሁ። ወደ ቤቴ ስሄድ እያፏጨሁ ነበር።

ኅዳር ላይ መሪጌታ ማሳል ጀመሩ። የእንጨቱ ክምር እየጎደለ መጣ፤ አንጓችንም አስጠሩ። እኔ ከማዶ መስኮት እየገጠምኩ ስለነበር መሰላል እንድይዝላት ጠሩኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ወጥታ በጣቷ የፍልፍሉን ዳር ዳበሰችው። መሮ የነካው ቦታ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ የእኔ መሮ ደግሞ ስለቱ አንድ ቦታ ስለተሸረፈ ጭቃው ላይ መስመር ትቷል። ወደ ታች አየችኝ።

«ምንድን ነው ያገኘው፣ ልጄ?» አሉ መሪጌታ ከአልጋቸው።

«አይጥ ነው፣ የኔታ» አለች አንጓች። «ትልቅ አይጥ።»

የቦካ ጭቃ በባልዲ ይዛ መጥታ ነበር። ደፈነችውና ወረደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን በትዕግሥቷም ጭምር ቀናሁባት።

ማታ እራት ስንበላ ይታይሽ ሻንጣዋን ማዘጋጀቷን ነገረችኝ። ይህ የየዓመቱ ነው ብዬ መብላቴን ቀጠልኩ።

«አንተ ሰው፣ ስማኝ» አለች። «ዘንድሮ ከወረድኩ አልመለስም። እኅቴ ክፍል ሰጥታኛለች። ጉልበቴ መውጣት መውረዱን አልቻለውም። አንተ ከፈለግህ ና፣ ካልፈለግህ ከቤትህ ጋር ተቀመጥ።»

እያስፈራራችኝ አልነበረም፤ ደክሟት ነው የተናገረችው። በአዲ አርቃይም ቀናሁ እንግዲህ፣ አገር ላይ!

ተነስቼ ጧፍ ለኮስኩና መሰላል ላይ ወጣሁ። ጧፉን ወደ ኮርኒሱ ክፍተት ሳስጠጋው ነበልባሉ ተጎትቶ ወደ ላይ ገባ። በሌላውም ጥግ ሞከርኩት፣ ያው ነው። ታች የምናነደው ከሰል ሙቀቱ ሁሉ በዚያ በኩል ወጥቶ ቆርቆሮ ያሞቅ ነበር። የአያ ደስታም ነገር ያኔ ገባኝ። እሳቸው ሥራ በተማሩበት ዘመን ምድጃው የቤቱ መሐል ላይ ነበር፤ ክፍተቱ የጭስ መውጫ ነው። ማድቤቱ ለብቻው ከተሠራ፣ ጭሱም ከቤት ከወጣ ስንት ዘመን ሆነው። እኔ የጭሱን መንገድ ጭስ ለሌለበት ቤት ሁሉ ስሠራ ኖሬያለሁ። መሰላሉ ላይ ቆሜ የሠራኋቸውን ቤቶች አንድ በአንድ አሰብኩ፣ አፈርኩም።

ያም ሆኖ አንጓችን አልጠየቅኋትም። በማግሥቱ ጠዋት አፈር በውኃ አቡክቼ ከሰዓት ራሴ ለጠፍኩት። በአራተኛው ቀን ተሰነጣጠቀና ግማሹ ይታይሽ አልጋ ላይ ወረደ። ብርድ ልብሷን አራግፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተችው።

ያኔ ነው ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳባት የወረድኩት። አንጓችን ደጇ ላይ ጭድ ስታራግፍ አገኘኋት።

«ጋሽ ሞላ! ምን እግር ጣለዎት?» አለች።

«አይጡ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቄያለሁ። መሮዎን ያስሉት።»

የመጣሁበትን ነገርኳት። ጭቃው ስንት ቀን እንደቆየ ጠየቀችኝ። ጠዋት አቡክቼ ከሰዓት እንደለጠፍኩት ስነግራት ሳቋን መያዝ አቃታት። የእሷ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ሳምንት ይቆያል፤ በየጠዋቱ ውኃ ይጨመርበታል፣ ይረገጣል። ጭዱ ካልበሰበሰ ጭቃው አይያያዝም። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ሳልፍ ይህን አላውቅም ነበር።

«እመጣለሁ» አለች። «ጭቃውን ግን የሚረግጡት እርስዎ ነዎት።»

ጭቃ መርገጥ የቀን ሠራተኛ ሥራ ነው። ቤቴ ደግሞ የጎንደር መንገድ ዳር ነው። ሳምንቱን ሙሉ በውርጭ ጠዋት ሱሪዬን ሰብስቤ እግሬ እስኪደነዝዝ ረገጥኩ። የሚያልፈው ሁሉ ያየኛል። አንድ የሚኒባስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ጋሽ ሞላ፣ ከዋናነት ወረዱ እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ይታይሽ ደጃፉ ላይ ሆና ታየኝ ነበር። ሻንጣው ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር።

አንጓች መጥታ መጀመሪያ የተፈታታ የጆንያ ገመድ ክፍተቱ ውስጥ ጠቀጠቀች፤ ከዚያ ጭቃውን ለጠፈችበት፣ በመዳፏም አለሰለሰችው። ሁለት ቀን ፈጀባት። ስትጨርስ በቀጥታ አዘዘችኝ። «ከበሩ በላይ መዝጊያ ያላት ትንሽ መስኮት ይሥሩ፣ አየር መግቢያ ትሁን። ከዛሬ ጀምሮ ከሰል እዚህ ቤት አይገባም። ክፍተቱ ተደፍኗል፤ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ይገድላችኋል። ቀን መስኮቱን ለፀሐይ ክፈቱት፣ ሳትጠልቅ ዝጉት።»

ከዚያ በሬን ከፈት ዘጋ አደረገችው። «በርዎ ግሩም ነው፤ ነፋስ አያስገባም» አለችኝ። ይህን ቃል ለሳምንት ያህል ለብቻዬ እየደጋገምኩ ስደሰትበት ነበር።

ለመሪጌታም ሄጄ ተናዘዝኩ። «አውቄዋለሁ፤ አይጥ የቆፈረውን ጠርጎ አይሄድም» አሉኝ። አንድ ጭነት እንጨት እንድፈልጥላቸው አዘዙኝና ፈለጥኩ።

ታኅሣሥ ገባ፣ ይታይሽ አልወረደችም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሻንጣው ቁም ሣጥኑ ላይ ወጥቷል። እሷ ከእኅቷ ጋር በስልክ ታወራ ነበር።

«አልመጣም። አንጓች ቤቴን አሞቀችልኝ» ስትል ሰማኋት።

ስልኩን እስክትዘጋ ጠብቄ «እኔስ?» አልኳት።

«አንተማ ጭቃ ረገጥህ» አለችኝ።

አሁን ከአንጓች ጋር ነው የምሠራው። የድሮ ሥራዬን ቤት ለቤት እየዞርን እንደፍናለን፤ እኔ መሰላል እይዛለሁ፣ የአየር መስኮት እሠራለሁ። ሰዎች የሚያመሰግኑት አሁንም እሷን ነው፣ እኔም አሁንም እቀናለሁ። ይህ አልለቀቀኝም።

ለምትከተሉኝ አናጺዎች የምለው ይህን ነው። የሚበልጣችሁን ሰው ሄዶ መጠየቅ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ለእኔ ግን ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። በሦስቱም ዓመት የበረዳት ሚስቴ ናት።