ለተኩላ የተመረጠች ጥይት

የቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ሐበሻ ሁሉ ጋሽ ገብረ ክርስቶስን የሚያውቃቸው በአዳኝነታቸው ነው። እሳቸው ግን አድኜ አውቃለሁ ብለው አያውቁም። አገር ቤት ሠላሳ ዓመት በፖሊስ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርተዋል፤ እዚህ ስደት አገር ደግሞ ኢቶቢኮ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይቆጥራሉ። ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ላይ የጥይት ወሬ ከተነሳ የትኛዋ ስንት እንደምትመዝን፣ የት ድረስ እንደምትሄድ አንድ በአንድ ይነግሩናል። የቀረውን ሰው ከራሱ ጨመረበት። አንዱ ነብር ገድለዋል አለ። በሳምንቱ ነብሩን ሁለት ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ወሬው አንሶ ስለታየኝ ነው። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ አቀርቅረው ሽሯቸውን በሉ፤ እኛም ትሕትና ነው ብለን የበለጠ አከበርናቸው።

ጣጣው የመጣው በፈረንጆቹ 1995፣ ሁዳዴ ሲገባ ነው። የፋሲካ በግ የምንገዛው ከከተማው ወደ ሰሜን ካለ ሚስተር ዳግ ከሚባል ገበሬ ነው። ኮዮቲ የሚሉት የዚህ አገር ተኩላ ዘጠኝ ግልገል ስለበላበት ሰውየው እንዲህ ከቀጠለ በግ ማርባት እተዋለሁ አለን። እኛም ነብር ገዳይ አለን፣ አይዞህ አልነው። ሰውየው ደስ ብሎት ሦስት ጠመንጃ እንዳለው፣ አዳኛችን የትኛዋን ጥይት እንደሚመርጡ ጠየቀን።

ጥያቄው ለአንድ ሰው ነበር። እኛ ግን ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ አቋቋምን፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነኝ። የቀድሞው ወታደር አምሃ ትልቋን፣ ሠላሳ ዜሮ ስድስትን አለ። በእኛ አቆጣጠር ከ1969 ጀምሮ ከእሱ ጋር የማይነጋገሩ ሁለት አባላት እሱ ትልቋን ስላለ ብቻ ትንሿን፣ ሃያ ሁለትን ያዙ። አምስት ሳምንት ተጨቃጨቅን። ተኩላው ቃለ ጉባኤ አይጠብቅምና አምስት ግልገል ጨመረ። በመጨረሻ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ተለምነው ተናገሩ፤ ትልቋ እንስሳውን ትበታትነዋለች፣ ትንሿ አቁስላ ታሰቃየዋለች፣ ለተኩላ የምትሆነው መካከለኛዋ ሁለት አርባ ሦስት ናት አሉ። ሚስተር ዳግ በስልክ ሲሰማ እሱም ከመጀመሪያው ያሰባት እሷን እንደነበረ ነገረን።

በዚህ መሀል ኮሚቴው ሳያማክራቸው የአዳኝነት ኮርስ አስመዝግቧቸው ነበር። ፈተናውን አንድም ሳይስቱ አልፈው የአደን ፈቃድ ካርዱን ይዘዋል። እንግዲህ ማምለጫ የላቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ፣ አምሃና እሳቸው በእኔ መኪና ሄድን። ሚስተር ዳግ ጠመንጃውንና ሃያ ጥይት ያለበትን ፓኮ ሰጣቸው። አንዷን አውጥተው በመዳፋቸው መዘኗት። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ አንዲት ቀይ ቀበሮ ብቅ ብላ ቆመች። ዶሮዎቼን የምትጨርሰው እሷ ናት አለ ሚስተር ዳግ።

«ጋሽዬ፣ ሹት ያድርጓት እንጂ» አለ አምሃ።

ጠመንጃውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። አጠገባቸው ስለነበርኩ ጥይቷ ገና በግራ እጃቸው ውስጥ እንዳለች አየሁ። ጠመንጃው ባዶ ነው። ያን ጊዜ ለሳቸው ፈራሁ፤ የስንት ዓመት ስማቸው በአንዲት ቀበሮ ፊት ሊጠፋ ነው። ነብሮቹን ያበዛሁባቸው ደግሞ እኔው ነኝ።

ቀስ ብለው ጠመንጃውን አወረዱ።

«ይህቺ የተመረጠችው ለተኩላ ነው» አሉ። «ቀበሮ ላይ ቆዳ ታበላሻለች። ኮሚቴው ያልወሰነውን አልተኩስም።»

ቀበሮዋ ሳትቸኩል ሄደች። አምሃ ፕሮፌሽናል ማለት ይኼ ነው እያለ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። እዚያው ጭቃው ላይ ቆመን የቀበሮ ንዑስ ኮሚቴ መረጥን። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ግን ጥይቷን ወደ ፓኮው መልሰው፣ ሃያውን ሁለቴ ቆጥረው ለሚስተር ዳግ አስረከቡና ፈርምልኝ አሉት። ሰውየው ግራ ገብቶት አንድ ፖስታ ጀርባ ላይ ፈረመ። ተኩላውን በሳምንቱ ራሱ በመካከለኛዋ ጥይት ጣለው፤ በጋችንም ተረፈ።

በዚያ ቅዳሜ ስንመለስ አምሃን ዌስተን ሰፈር ቤቱ አውርደን ብቻችንን ቀረን። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ የተፈረመውን ፖስታ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ዘመድኩን፣ ሠላሳ ዓመት ጥይት ሳወጣ ሳስገባ አንዲት ጎድላብኝ አታውቅም» አሉኝ። «ተኩሼም አላውቅም።»

«ነብሮቹስ?» አልኳቸው።

«ነብሮቹን እንኳ የምታውቃቸው አንተ ነህ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።