እሺ ሳትሉን አንነሳም

የእህቴን እጅ የሰበረው ዘፈን አይደለም፤ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምለው ታሪኩን ላወራሁት ሰው ሁሉ ወሬው ወደ ዘፈኑ ስለሚዞርብኝ ነው። «የዘንድሮ ዘፈን እኮ ለይቶለት ባልጎ ቀረ» ይሉና እፎይ ይላሉ። ዘፈኑን እኔም እወደው ነበር። ሆላንድ፣ ሮተርዳም ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ አቅመ ደካሞችን ስንከባከብ፣ የማጥባቸው አሮጊት ቃሉ ሳይገባቸው አብረውኝ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። አዝማቹ እንዲህ ይላል፦

እምቢ በይኝ ግድ የለም፣ ዓይንሽ እሺ ብሏል፣
እጄን ብትገፊውም፣ ልብሽ ተቀብሏል።

እሁድ ከሰዓት ነበር። ራይስዋይክ በምትባል ከተማ፣ ቢሮዎች መሃል ያለ አንድ አዳራሽ ተከራይተን የአንዲት የደሴ ልጅ የመልስ ግብዣ ላይ ነን። እኔ ወጥ አቅራቢ ስለነበርኩ ወገቤን በነጠላ አስሬ ከጓዳ አዳራሽ እመላለሳለሁ። እህቴ ትጨፍራለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እዚህ አገር የመጣችው ገና በልጅነቷ ስለሆነ አማርኛዋ ለትልቅ ለትንሹ «አንተ» እና «አንቺ» ብቻ ነው። እስክስታ ግን ትችላለች፣ ያውም አሳምራ።

ሰውየው የሙሽራው ጓደኛ ነው። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ዘንጦ የመጣ፣ ሁሉም «ጨዋ ልጅ» የሚለው። አጠገቧ ሆኖ ይጨፍር ነበር። እኛ ዘንድ ጭፈራው ራሱ ማሳደድ አለበት፤ ወንዱ ይጠጋል፣ ሴቷ ፊቷን ታዞራለች፣ እሱ ዞሮ ይመጣል፣ እሷ ደግሞ ትሸሻለች። ካልሸሸች ጨዋታው አያምርም። ስለዚህ አዝማቹ ሲመጣ እጇን ይዞ ወደ በሩ ሲጎትታት፣ ሰዉ ሁሉ ጭፈራው የቀጠለ መሰለው። እሷ «ልቀቀኝ» እያለች ወደ ኋላ ስትል ያጨበጭባሉ። «አትልቀቃት!» ብሎ የጮኸም ነበረ። አንዲት ሴትዮ እልል አለች። ከአዳራሹ በእልልታ ነው ያስወጣት።

እኔ ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጭልፋዬን እንደያዝኩ ሳህን ላመጣ በኮሪደሩ ሳልፍ፣ ካፖርት ከሚሰቀልበት ጥግ አንድ ነገር ግድግዳው ላይ ሲላተም ሰማሁ። ሄድኩ። እህቴን ፊቷን ካፖርቶቹ ውስጥ ደፍቷት፣ አንድ እጇን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ይዞ፣ በሌላው እጁ ቀሚሷን ወደ ላይ እየሰበሰበ ነው። ቀሚሷ ከብብቷ እስከ ወገቧ ተተርትሯል። አፏ በካፖርት ስለታፈነ ድምጿ የሰው ድምፅ አይመስልም። ሰውየው ዞሮ አየኝና፣ አልደነገጠም፣ «እየተጫወትን እኮ ነው» አለኝ።

ጭልፋው የድግስ ጭልፋ ነው፣ ወፍራም ብረት። አፍንጫው ላይ አሳረፍኩት። ሲሰበር ሰማሁት፤ ደስ አለኝ። ጎንበስ ሲል ማጅራቱን ደገምኩት፣ ሲወድቅም ትከሻውን። ነጩ ግድግዳ ላይ ደሙና ወጡ አንድ ላይ ተረጨ። አላቆምኩም ነበር፤ ያስቆሙኝ ሌሎች ናቸው። ሮጠው ደረሱና ሁለት ወንዶች እኔን ያዙኝ፣ «ሴትዮዋ አብዳለች!» እያሉ። እሱን ውሃ አጠጡት። እህቴ እጇን ደረቷ ላይ ታቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ወደ እሷ የሄደ አልነበረም። ከውስጥ ዘፈኑ ገና አላለቀም።

የእጇ አንጓ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ሐኪሞቹ በብሎን አሰሩት። ፖሊስ ጣቢያ ያነጋገረቻት መርማሪ፣ በደች «አንሂፍተ» የሚሉትን ክስ ለመመሥረት የምትመጣበትን ቀጠሮ ሰጠቻትና፣ እስከዚያ በደንብ እንድታስብበት፣ ማንም እንደማያስቸኩላት፣ ብትተወውም መብቷ እንደሆነ ነገረቻት። እህቴ ስትወጣ «እንዲህ ተብዬ አላውቅም» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ያን ቀን አልገባኝም።

ከቀጠሮው በፊት ባለው ቅዳሜ ሽማግሌ መጣ።

ሽምግልና የራሱ አላላክ አለው። አንደበተ ርቱዕ ብቻ አይላክም፤ እምቢ የማይባል ሰው ይፈለጋል። የሰውየው ወገኖች ይህን አሳምረው ያውቁታል። ፈልገው ፈልገው የላኩብን የገዛ አጎታችንን ነው፤ አባታችን ሲሞት ያሳደጉንን፣ ደን ሃግ (ዘ ሄግ) ሆነው የመኖሪያ ፈቃድ ፕሮሰሱን ሁሉ ጨርሰው እዚህ ያመጡንን ሰው። አብረዋቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፦ አዲስ አበባ ያደጉ፣ ቭላርዲንገን ወደብ ሠርተው ጡረታ የወጡ አንድ ኤርትራዊ አዛውንት፣ እና የሰውየው ታላቅ ወንድም። ከሳሎናችን ሶፋ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አጎቴ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እኔም ከልማድ «አሚን» አልኩ።

«ለልመና ነው የመጣነው» አሉ አጎቴ። «እሺ ሳትሉን አንነሳም።»

«እምቢ» አለች እህቴ።

ሦስቱም ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ክፋት አልነበረውም፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው።

«ይሁን፤ መጀመሪያ እምቢ ማለት ያለ ነው» አሉ ኤርትራዊው በለሰለሰ አማርኛቸው። «ተበድለሻል። ሳትቆጪ እሺ ብትይ እኛም ደስ አይለንም ነበር።»

«እየተቆጣሁ አይደለም። ኔይ! እምቢ እያልኩህ ነው።»

ወንድምየው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ልጁ ሞቅ ብሎት ነበር፤ ዘፈኑም አሳሳተው። ደግሞስ» አለና ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አዞረላት። «እስቲ እዪው፤ ራስሽ ትስቂያለሽ።»

የመልሱ ዕለት ቪዲዮ ነው፤ እህቴ አንገቷን እየሰበቀች፣ ወደ ሰውየው ዞራ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች። ታምራለች። እህቴ በጄሶ የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ራሷን ስታይ ፊቷ አመድ ሆነ። ስልኩን አንስቼ ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ተበታተነ። ቢላዋ ቅርቤ ያልነበረው አላህ አውቆ ነው።

«አንቺ ተቀመጪ!» አሉኝ አጎቴ፤ እንደ ልጅነቴ ተቀመጥኩ። «የአንቺንም ጉዳይ ነው ይዘን የመጣነው። ልጁ አፍንጫው ተሰብሯል፣ ምስክር አለው። ቢከስሽ ከወንጀል ነፃ የሚለውን ወረቀት ትከለከያለሽ፤ ያለሱ ደግሞ አቅመ ደካማ ቤት የሚያስገባሽ የለም። እሷ ትተወው፣ እሱም ይተወዋል። እኩል።»

«ይክሰሰኝ፣ አባባ» አልኩ። «እነሱ ግን ከእርስዎ ጋር አያጣሉን።»

እህቴ ግን እኔን አየችኝ። እስከዚያ ድረስ የነበራት ድንዳኔ ከፊቷ ላይ ሲላላ አየሁት፤ እነሱም አዩት። ሽማግሌ ይህቺን ነው የሚጠብቃት። ሦስቱም አንድ ላይ ዘነቡባት። ኤርትራዊው በልጆቻቸው ለመኗት፣ ወንድምየው በእናቱ፣ አጎቴ በአባታችን አጥንት። እሷ «እምቢ» ስትል እነሱ «እሺ በይን» ሲሉ፣ ድምፃቸው እየበዛ፣ እየቀረቡ መጡ። ጀርባዋ ከመስኮቱ ጋር ተጣብቋል። ማንም አልነካትም። እንዲህ ያለ ዱላ ግን አይቼ አላውቅም።

«ከቤታችን ውጡልኝ» አለች።

«እሺ ሳትይን?» አሉ አጎቴ። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁ። ሶፋውን በአንድ እጃቸው ተደግፈው፣ የታመመ ጉልበታቸውን እያቃሰቱ፣ ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩላት።

ሽማግሌ እግርህ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ትሮጣለህ፣ ጉልበቱ መሬት ሳይነካ ብብቱን ይዘህ ታነሳዋለህ፣ ያነሳኸው ለታ እሺ ብለሃል። እኔ ሳላስበው ከመቀመጫዬ ተነስቼ እጄን ዘርግቼ ነበር። እህቴ «እንዳትነኪው!» ብላ ጮኸችብኝ። ቆምኩ። ያሳደጉኝ ሰው መላጣቸውን ወደ ታች አድርገው፣ የሚያነሳቸው እየጠበቁ፣ እንደተንበረከኩ ቀሩ።

እህቴ በደህና እጇ ስልኳን አንስታ ፖሊስ ጠራች። በደች፣ ተረጋግታ፣ ሦስት ወንዶች ቤቷ ገብተው ውጡ ስትላቸው አንወጣም እንዳሏት ተናገረች። ወንድምየው ጫማውን ሳያስር ወጣ። ኤርትራዊው «ሽማግሌ ላይ ፖሊስ!» እያሉ አጎቴን ሊጎትቷቸው ሞክረው፣ ሲያቅታቸው ብቻቸውን ወጡ። አጎቴ አልተነሱም። አንደኛ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸዋል። ሁለተኛ፣ እስከ መጨረሻው አላመኗትም።

አንዲት ሴት ፖሊስና አንድ ወጣት ፖሊስ መጡ። ሴቲቱ በጄሶ የታሰረውን እጅ አየች፣ ግድግዳው ስር የተበታተነውን ስልክ አየች፣ መሬት ላይ ያሉትን ሽማግሌ አየች፤ ምን እንደሆነ ሊገባት አልቻለም። እህቴ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። ፖሊሷ ወደ እኔ ዞረች።

«የእርስዎም ቤት ነው አይደል? እኚህ ሰውዬ እንዲወጡ ይፈልጋሉ?»

አጎቴ ቀና ብለው አዩኝ። ደች ይችላሉ፤ ጥያቄው ገብቷቸዋል። ዓይናቸው አልተቆጣም፤ እንደማላደርገው እርግጠኛ ነበሩ።

«ያ» አልኩ በደች፤ አዎ።

ወጣቱ ፖሊስ ጎንበስ ብሎ በብብታቸው ይዞ አነሳቸው። በአክብሮት ነው ያነሳቸው፤ ቆባቸውንም አራግፎ ሰጣቸው። አጎቴ ቆቡን ተቀብለው ሳያጠልቁት፣ አንዳችንንም ሳያዩ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሱም። እህቴ ስላልተወችው ሰውየውም እንደዛተው ከሶኛል፤ ሥራ ላይ አይደለሁም።

በሩን ስዘጋ እህቴ መስኮቱ ስር ቁጭ ብላ ትንቀጠቀጣለች። ጄሶዋ ከማሞቂያው ብረት ጋር ኳ ኳ ይላል። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እሺ ልል ነበር» አለችኝ። «ትንሽ ቢቆይ እሺ ልለው ነበር።»

«እኔም» አልኳት።