የጎል ሰላምታ

ቅዳሜ ጠዋት የልጅ ልጄ በሚጫወትበት በታርኔት ሰፈር ኳስ ሜዳ ዳር፣ ነፋሱ በጃኬቴ ሥር እየገባ ሲያንዘፈዝፈኝ፣ አንዲት እናት የልጇን ቁርጭምጭሚት በጡንቻ ቅባት ታሽ ነበር፤ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የካምፎር ሽታ ሲደርሰኝ ከሜልቦርን ክረምት ወጥቼ የጦር ትምህርት ቤታችን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ገባሁ።

እጩ መኮንን ነበርኩ፤ ጢሜ ገና ማቀምቀሙ ነበር። ለትምህርት ቤቱ እግር ኳስ ቡድን አጥቂ ሆኜ የተጫወትኩበት ያ የውድድር ዓመት ግን በኋላ ካገኘሁት ማዕረግ ሁሉ በልጦብኝ ኖሯል። በየእሁዱ ከከተማው ቡድኖች፣ ከመምህራኑ፣ ከነጋዴዎቹ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጋር እንጋጠማለን። ሜዳ የምንገባው በሰልፍ ነው፤ አዛዣችን ኮሎኔሉ መስመሩ ዳር ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል፤ ጎል ያገባ ልጅም እንደ ሌላው ሰው እየጨፈረ አይሮጥም፣ ፊታቸው ቀጥ ብሎ ቆሞ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል። ስሰጥ ከረምኩ። አንድም ጨዋታ አልተሸነፍንም። ተከላካዮቹ መንገድ ሲለቁልኝ ፍጥነቴ ያስደነገጣቸው ይመስለኝ ነበር፤ በረኞቹም ኳሷን ከመረቡ አውጥተው፣ አቧራዋን በክንዳቸው ጠርገው ፈገግ እያሉ ሲያቀብሉን፣ አይ የዚህ አገር ሰው ጨዋነት እያልኩ አደንቃቸው ነበር።

ይህን ታሪክ ቤቴ ያልሰማ የለም። ልጆቼ ሲሰለቻቸው ለልጅ ልጄ ለናታን አወረስኩት፤ ሰላምታውንም አስተማርኩት። ያን ቅዳሜም ናታን ጎል አግብቶ በጭቃ እየተንሸራተተ መጣና ፊቴ ተገትሮ እጁን ወደ ግንባሩ አነሳ። «ዲድ ዩ ሲ ዛት፣ አባባ?» አለኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ እኔም ቀጥ ብዬ መለስኩለት።

አጠገቤ በታጣፊ ወንበር የተቀመጡ አንድ የአገሬ ሰው ሳቅ አሉ። ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ የተጋጣሚያችን በረኛ የእሳቸው የልጅ ልጅ ሊያ ናት። «ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከክሬጊበርን ነው የመጣነው፤ እናቷ ናይት ሺፍት አድራ ስለተኛች እኔው ድራይቭ አድርጌ አመጣኋት» ብለውኝ ነበር ቀደም ሲል።

«ይቺን ሰላምታ አውቃታለሁ» አሉ። «የጦር ትምህርት ቤቱ ናት። እኔ እኮ የጨርቃ ጨርቁ በረኛ ነበርኩ። እርስዎም ግራ እግረኛው ነዎት፣ አይደል?»

ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ ከዚህ ሁሉ ባሕር ማዶ፣ ጎሎቼን ያየ ምስክር አገኘሁ ብዬ እጃቸውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ።

«ያን ዓመት እኮ የሚያቆመን አልነበረም!» አልኩ።

«ማን ያቆማችኋል ጌታዬ?» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ከፔርሙሳቸው ሻይ እየቀዱልኝ። «በፊተኛው ዓመት ተከላካያችን አንዱን የእናንተን ልጅ ጠልፎ ጣለው፤ ሆን ብሎም አልነበረ። ሳምንት ሳይሞላ ለጦር ግንባር ወጣት ሲታፈስ መጀመሪያ የተወሰደው እሱ ሆነ፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ አሰልጣኙም መከረን፣ እኛም ፈራን። ኳሷ በወዲህ ስትመጣ እኔ በወዲያ እወድቃለሁ።»

የተናገሩት ያለ ቂም፣ የልጅነት ጨዋታ እንደሚያወሳ ሰው ነው። እኔ ግን ከአንገቴ እስከ ጆሮዬ ጋልኩ። አፈርኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጎሎቹን ሰርቄያቸው ቢሆን እንኳ የእጄ ሥራ ናቸው እል ነበር፤ እነዚህ ግን በፍርሃት የተሰጡኝ ናቸው፣ ሰጪውም ጎኔ ተቀምጠው ስኳሩ ይበቃኝ እንደሆን በዓይናቸው ይጠይቁኛል። የዚያን ተከላካይ ስም ልጠይቅ ብዬ ሻዩን ፉት አልኩ። ዕድሜ ልኬን የተረኩት ያ የውድድር ዓመት፣ ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ከእጄ ወጣ።

ወዲያው ናታን ሌላ ኳስ መታ። ሊያ መላ ሰውነቷን ወርውራ ነካቻት፣ ኳሷ ግን ጓንቷን ታክካ ገባች። ልጅቷ ከጭቃው ተነስታ ምሰሶውን በእርግጫ መታች፤ እንባዋ እየወረደ በናታን ላይ ጮኸችበት፤ ኳሷንም አላቀብልም ብላ ወደ አጥሩ ጠለዘቻት። ጋሽ ደምሴ «አይዞሽ የእኔ አንበሳ!» እያሉ ከወንበራቸው ተነሱ።

ናታን ፊቴ ቆሞ ሰላምታውን ይዞ ይጠብቀኛል። እጄ አልነሳ አለኝ፤ ዓይኔ ከዚያች ከተቆጣች በረኛ ላይ አልነቀል አለ። በዚያ የውድድር ዓመት ሙሉ፣ ጎል አግብቼበት የተናደደብኝ አንድም በረኛ አልነበረም።