የሚኮረኩር እብነ በረድ

ጋሽ ፋኑኤል ናይሮቢ ውስጥ ለወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚሆን እብነ በረድ በመቁረጥ ብዙ ዓመታት አሳልፈዋል። የማሽኑ ንዝረት ቀስ በቀስ የጣቶቻቸውን ስሜት ወሰደው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006፣ ካሳራኒ ሰፈር በሚገኘው የጋራ ግቢያችን፣ ከሥራ መልስ ከትርፍራፊ ድንጋይ ሊኮረኩር የቀረበ ጣትና ከእርሱ ለመሸሽ የተኮራመተ የሰው እግር ይቀርጹ ነበር። ልስላሴውን በእጃቸው መለየት ስላቃታቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት በፈገፈጉት ቁጥር ጎንበስ ብለው ጉንጫቸውን ውስጥ እግሩ ላይ ያሳርፋሉ። ያነበብኳቸው የቅርጻ ቅርጽ መጻሕፍት ስለ ጉንጭ አያወሱም። ጉንጭም ቢሆን ልስላሴን እንጂ ጨዋታን አይለይም። የደነዘዘ እጅ የሠራው ገላ ያየውን ሰው እንደ ኩርኮራ ካላጫወተ፣ ጋሽ ፋኑኤል መሮውን ሊተዉ ወስነው ነበር።

አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ሁርሊንግሃም ሰፈር ከሚሠሩበት ምግብ ቤት ቆመው ውለው በማታቱ ሚኒባስ ተመለሱ። ጫማቸውን አውልቀው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እግራቸው አብጧል።

«ዓለሜ፣ እስቲ እዪው» አሉ ጋሽ ፋኑኤል ቅርጹን የሸፈነውን ጨርቅ ገልጠው።

«ደግሞ እግር? የራሴው መች አነሰኝና!»

ሆኖም አዩት። ጋሽ ፋኑኤል የሚስታቸውን ፊት ቢመረምሩ ከድካም በቀር ያገኙት ነገር የለም። መሮአቸውን በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ።

በዚህ መካከል ያበጡት የወይዘሮ ዓለምፀሐይ የእግር ጣቶች ተኮራመቱ። እግራቸውንም ቀሚሳቸው ሥር ሸሸጉት።

«ሸፍነው ባክህ፣» አሉ፤ «እኔን እየኮረኮረኝ ነው።»

ጋሽ ፋኑኤል መሮውን ከጥቅሉ መልሰው አወጡት።